ሁለት ዲግሪ በአራት ዓመት

ሜልበርን ያሉ ወላጆቻችን ልጃቸው የአርትስና የሳይንስ ጥምር ዲግሪ መረጥኩ ሲላቸው ቶሎ የሚመጣላቸው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ነው። ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዞ የሚወጣ ይመስላቸዋል።

የሞናሽ ዩኒቨርሲቲን ሒሳብ እንየው። አንዱ ዲግሪ ብቻውን ሦስት ዓመትና 24 ኮርስ ነው። ከነዚህ 8ቱን ተማሪው ደስ ካለው ክፍል ይመርጣል። በጥምሩ ያንን የምርጫ ቦታ ሌላኛው ዲግሪ ይወስደዋል፤ 16 ከአርትስ፣ 16 ከሳይንስ፣ በአራት ዓመት 32 ይሆናል። በየዲግሪው ሙሉ ሜጀር አለው፣ ዲግሪውም ሁለት ነው። የሚቀርበት እንዲያው ለፍላጎቱ ብቻ የሚወስደው ኮርስ ነው። አንዱ ከከበደው ደግሞ በነጠላው መጨረስ ይችላል።

«መወሰን ያቃተው የሚገባበት ነው» የሚሉም አሉ። ይህኛው ያሳዝነኛል። በአንድ ክፍል ዕውቀት ብቻ የማይፈቱ ጥያቄዎች አሉና። የ«እመጓ»ን ደራሲ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴን ብዙዎቻችን በልብ ወለድ ድርሰታቸው እናውቃቸዋለን፤ በሙያቸው ግን የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው፤ የዶክትሬት ጥናታቸውም በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። እዚያ ደን ውስጥ ዘሩ የትኛው ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ ከብት ሲገባ ቡቃያው ምን እንደሚሆን መለካት የሳይንስ ሥራ ነው። ዙሪያው ሲራቆት ያ ጽድና ወይራ ለምን ሳይቆረጥ እንደኖረ ግን የዛፍ ቆጠራ አይነግረንም፤ የቅጥሩን ሥርዓትና የምእመኑን እምነት ማወቅ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በልቧ ይዛ የምትመዘገብ ልጅ መወሰን አላቃታትም።

ክፍያው ላይ «አርትስ ርካሽ፣ ሳይንስ ውድ» የሚባለው አውስትራሊያ ውስጥ አይሠራም። መንግሥት የሚደጉመው ተማሪ የሚከፍለው በየኮርሱ ነው፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታሪክ ወይም የፍልስፍና ኮርስ ከፊዚክስ ይበልጥ ያስከፍላል። ቋንቋና ሒሳብ ዝቅተኛው እርከን ላይ ናቸው። ስለዚህ የአርትስ ሜጀሩን ቋንቋ ያደረገ ልጅና ታሪክ ያደረገ ልጅ ዕዳቸው እኩል አይሆንም።

ከዚህ ይልቅ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው የቪዛውን ጉዳይ ነው። ሄክስ-ሄልፕ የሚባለውን ብድር የሚያገኙት በዋናነት ዜጎችና በሰብዓዊነት ቪዛ ቋሚ ነዋሪ የሆኑ ናቸው። በቤተሰብ ወይም በሙያ ቪዛ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ልጅ ድጎማው አለው፣ ብድሩ ግን የለውም፤ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ በየሴሚስተሩ ከኪሱ ይከፍላል።