በዝግታ ግጭት ጊዜ አንገት የሚሆነው

በጎዳና ላይ የቆመች መኪና ከኋላዋ በመጣች ሌላ መኪና በዝግታ ስትገፋ፣ ብረቷ ሳይጣመም፣ መብራቷም ሳይሰበር፣ በውስጧ የተቀመጠው ሰው ግን በማግስቱ አንገቱን ማዞር ተስኖት ሲነሣ፣ ነገሩ ሐኪሙንም ዳኛውንም ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ዳኛው ደኅና የሆነውን ብረት አይቶ ሰውየውም ደኅና ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ ያልተጨማደደ ብረት የግፊቱን ኃይል በራሱ ላይ አላስቀረምና ለወንበሩ ያስተላልፈዋል።

ቀድሞ የነበረው አስተሳሰብ፣ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተወርውሮ አንገትን ከልኩ በላይ ይለጥጠዋል የሚል ነበር። በእውነቱ ግን አስቀድሞ የሚሄደው ደረት ነው። ወንበሩ ጀርባን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ከአራት ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ጭንቅላት፣ ኒውተን በደነገገው ሕግ መሠረት ባለበት ለመጽናት ስለሚሻ፣ አካሉ ከሥሩ ይሸሽበታል፤ በዚህም ጊዜ ከሰባቱ የአንገት አንጓዎች የታችኞቹ ወደ ኋላ ሲለጠጡ የላይኞቹ ወደ ፊት ይጎብጣሉ፤ አንገትም ቀጥ ያለ ዓምድ መሆኑ ቀርቶ እንደሚሳብ እባብ ይጠማዘዛል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ1997 እ.ኤ.አ. ከበድን በተወሰደ አንገት ላይ ፈትነው እንዳሳዩት፣ ይህ ቅርጽ የሚታየው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ፣ ጭንቅላት ወደ ኋላ ከመውደቁ አስቀድሞ ነው። በጃፓን ደግሞ በፈቃደኞች ላይ በራጅ በተደረገ ምርመራ፣ አንጓ ከአንጓ የሚገናኝባቸው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች እንደ ወትሮው አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተታቸውን ትተው በኋላ ጠርዛቸው ሲጋጩ ታይተዋል። ጡንቻ ሊረዳ ይነሣል፤ ነገር ግን ኃይሉን አሰባስቦ እስኪጠነክር ጊዜው ያልፍበታል።

ስለዚህ መድኃኒቱ የተፈለገው ከወንበሩ ነው። አሜሪካ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች የፊት ወንበር የራስ መደገፊያ እንዲኖር አስገደደች፤ በ1997 ሳብ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ የተገፋው ሰው ጀርባ ራሱ ወንበሩን ተጭኖ መደገፊያውን ወደ ላይና ወደ ፊት የሚያንቀሳቅስበትን ዘዴ ለገበያ አቀረበ። ይህ ዘዴ የሌለው መደገፊያም ቢሆን ጫፉ ከራስ ቅል አናት ጋር ከተስተካከለና ከጭንቅላቱ ብዙ ካልራቀ ዋጋ አለው፤ ብዙው ተሳፋሪ ግን ለእንቅልፍ የተሠራ ትራስ እየመሰለው እስከ ማጅራቱ ዝቅ አድርጎ ይተወዋል።