አማቹ
ክፍል 4፦ ጥሪው

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው በትንሽ ቮልስዋገን ሲወሰዱ ባለፈው ሳምንት አይተናል። ዛሬ ወደ መቀሌ እንለፍ።

የትግራዩ ገዥ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ኮታቸውን አውልቀው ከሠራተኛ ጋር መንገድ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ሰሞን ከደርግ ጥሪ መጣላቸው፤ አዲስ አበባ ይግቡ የሚል።

እንዲህ ያለ ጥሪ ምን እንደሚያስከትል ቤታቸው ያውቃል። ታኅሣሥ 1953 እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ እቴጌ ታመዋል እየተባለ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተጠሩ። አባታቸው ልዑል ራስ ሥዩምም ከታጋቾቹ አንዱ ሆኑ። ሙከራው ሲከሽፍ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በታጎሩት ሰዎች ላይ መትረየስ ተከፈተ። ራስ አበበ አረጋይ ወደቁ፤ ራስ ሥዩምም እዚያው ወደቁ። ልጅየው የአባታቸውን ግዛት የተረከቡት ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ሚስት አለች። የመሳፍንቱን ውድቀት ብዙ ሰው የሥልጣን ታሪክ ብቻ አድርጎ ያወራዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የትዳሩ ነገር ነው። ልዕልት አይዳ ደስታ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ኬምብሪጅ ድረስ ሄደው የተማሩ። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠውም የዚሁ ቤት አማች ነበሩ፤ በ1929 ጣሊያን ረሸናቸው። በ1941 አይዳና መንገሻ ሲጋቡ የአፄ ዮሐንስ ዘር ከሸዋው ዙፋን ጋር ተዛመደ። ያ ዝምድና ሹመትና ክብር አስገኝቶ ነበር። በመስከረም 1967 ግን አይዳን ከእናታቸው ከልዕልት ተናኘወርቅ ጋር አሳሰረ።

ልዑሉ ቢሄዱ የሚጠብቃቸውን ያውቃሉ። ሌላው የቤተ መንግሥቱ አማች፣ የሟቿ የልዕልት ፀሐይ ባል ሌተና ጄኔራል አብይ አበበ፣ ቀድመው ታስረዋል። ቢቀሩስ? ባለቤታቸው ያሉት ደርግ እጅ ነው።

የተቆረጠው ቀን መጣ። አዲስ አበባ ጠበቀች፤ ራስ መንገሻ አልገቡም። መቀሌም ተፈልገው አልተገኙም፤ ተከታዮቻቸውን ይዘው በረሃ ወርደዋል። ደርግ ባልየውን አጣ። የዚህን ዕዳ ማን ሊከፍል ነው?

ሳምንት ይቀጥላል