«የመጨረሻው ስንት ነው?»
የቲቪና የኢንተርኔት ሂሳባችንን እንዴት ቀነስነው

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ፣ የመቱ ዝናብ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔና የልጅ ልጄ ቲቪ ፊት ቁጭ ብለናል። ስክሪኑ ላይ «ሲግናል የለም» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አይታይም። በዚያ ሳምንት ሦስተኛ ማታችን ነው። ልጅቷ ከሞባይሏ ቀና አለችና «አኮ፣ በየወሩ የምንከፍለው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አኮ በአፋን ኦሮሞ አያት ማለት ነው፤ የልጅ ልጆቼ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ።

መልስ አጣሁ። እሷ ከተኛች በኋላ ደብተር አውጥቼ ሂሳብ ሠራሁ። የክፍያ ቲቪውና የቤት ኢንተርኔቱ ተደምረው የጡረታ አበሌን ሲሶ ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀራቸው። ለደም ግፊት መድኃኒቴ ከማወጣው ይበልጣል። በጎሬ፣ በቡሬ፣ በያዮ ጤና ጣቢያዎች ስሠራ «ሳትመረመሩ መድኃኒት አትውሰዱ» እያልኩ የሰው ጆሮ ያደነቆርኩ ነርስ፣ የገዛ ቤቴን ወጪ አንድ ቀን ሳልመረምር ሁለት ዓመት ከፍያለሁ።

ስጦታው ወርኃዊ ወጪ ሲሆን

ነገሩ የመጣው በፍቅር ነው። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አዲስ አበባ የሚኖረው ልጄ «እማዬ፣ ብቻሽን እንዳይከፋሽ» ብሎ ዲሹን አስተከለ፣ ኢንተርኔቱን አስገባ። እሱ የእንግሊዝ ኳስ ወዳድ ስለሆነ የመረጠው ትልቁን የቲቪ ጥቅል ነበር። ከኢንተርኔቱም ፈጣኑን አስመዘገበ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እሱ ከፈለ። ከዚያ የቤት ኪራዩ ጨመረ፣ ሁለተኛ ልጅ ተወለደለት። እኔም የእናት ነገር «ተወው፣ እኔ እችላለሁ» አልኩት።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ይህን ታሪክ የምታውቁት ይመስለኛል። ልጆች ዕቃውን ይገዛሉ፤ እኛ መርቀን እንቀበላለን። የሚቀጥለውን የወር ክፍያ ግን ማን እንደሚችለው ማንም አይነጋገርበትም። ስጦታ ነውና «ይብቃኝ» ማለት ነውር ይመስላል። እኔም ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

የአራት ሳምንት ምርመራ

ወደ አቅራቢዎቹ ከመሄዴ በፊት፣ የበሽተኛ ሙቀት እንደምንመዘግብበት ሰንጠረዥ አድርጌ፣ ማን ምን እንዳየ በየማታው ጻፍኩ። በ28 ቀን ውስጥ የክፍያ ቻናሎቹን የከፈትነው አምስት ማታ ብቻ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ደግሞ ጎረቤቴ ጋሼ ኳስ ሊያዩ የመጡበት ነው። በቀሪዎቹ ቀናት ያየነው ዜናና ድራማ፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚገኝ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ባለው ሳተላይት፣ ኢትዮሳት በሚባለው መድረክ ተሰባስበዋል። በተራ ዲሽና ሪሲቨር ይታያሉ።

ኢንተርኔቱን የሚጠቀምበት ሌላ ሰው ነው። የሴት ልጄ ልጅ እናቷ ጋምቤላ ስለምትሠራ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች። በመስከረም 12ኛ ክፍል ትገባ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ ኢንተርኔቱ ለእሷ ቅንጦት አይደለም። የትምህርት ቪዲዮ ታያለች፣ የድሮ ጥያቄዎች ታወርዳለች። እኔ እሁድ እሁድ ከልጄ ጋር በቪዲዮ አወራለሁ። ሌላ የለም። አንድ ተማሪ በመካከለኛ ጥራት የቪዲዮ ትምህርት ለመከታተል በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሜጋቢት ይበቃታል። እኛ የምንከፍለው ግን ቤት ሙሉ ጎረምሳ በየክፍሉ ፊልም ለሚያይበት የሚሆን ፍጥነት ነበር።

ስለዚህ ምርመራው እንዲህ አለ፤ ከማናየው ቲቪ ብዙ እንከፍላለን፤ ከሚያስፈልገን ኢንተርኔትም የማያስፈልገንን ያህል እንገዛለን።

መስኮቱ ላይ

የኢንተርኔት አቅራቢው ቢሮ ስሄድ የመቱን ገበያ ይዤ ሄድኩ። ማር ስገዛ እንደማደርገው «ልጄ፣ ቀንሱልኝ» አልኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሳቀች። «ሲስተር፣ እኔን የከተቡኝ እርስዎ ነዎት ብላ እናቴ ትነግረኛለች። ግን ታሪፉ የሚወሰነው ላይ ነው፤ እኔ አንድ ሳንቲም መቀነስ አልችልም» አለችኝ። ልወጣ ስል «ይህን ፍጥነት ግን ማን መረጠልዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደብተሬን አሳየኋት። ዝቅ ያለውን ፍጥነት፣ ዋጋውን ቫትን ጨምራ ነገረችኝና ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲቀየር ሞላችልኝ። የወር ሂሳቡ ከግማሽ በታች ወረደ። ልጅቷ ቪዲዮዎቿን እንደ ድሮው ታያለች፤ ልዩነቱንም አላወቀችውም።

እዚህ ላይ የተማርኩት ይህን ነው። በአገራችን የኢንተርኔት ዋጋ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በክርክር አይቀነስም፤ የታወጀ ታሪፍ አለው። ታሪፉ ራሱ ግን ይወርዳል፣ ይወጣል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ፣ መደበኛ ብሮድባንድን በ54 በመቶ፣ የሞባይል ድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ መቀነሱን አስታውሱ። ይህ የሆነው መንግሥት የድርጅቱን ድርሻ በከፊል ለባለሀብቶች ለመሸጥ መወሰኑን ካስታወቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ጀመረ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ወጪው ከብዷል፤ የውጭ ኳስና ፊልም የማሳየት መብትም ከዚያ አያመልጥም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት የመረጣችሁት ጥቅል ዛሬም ልካችሁ ነው ብላችሁ አትመኑ። በየጊዜው ዝርዝሩን ጠይቁ።

ለንደን ያለው የእህቴ ልጅ ግን ከዚህ የተለየ ሕይወት ነው ያለው። እዚያ ቲቪና ኢንተርኔት በአንድ ውል፣ ለ18 ወይም ለ24 ወር ይሸጣል። ውሉ ሲያልቅ ዋጋው ይዘላል። ያኔ ስልክ ደውሎ «ወደ ሌላ ድርጅት ልሄድ ነው» ሲላቸው፣ ሥራው ደንበኛ ማባበል ብቻ ወደሆነ ክፍል ያዞሩታል፤ እዚያ እንደ ከብት ገበያ ይከራከራል። ብዙ ሰው የውሉን ማብቂያ ስለሚረሳ፣ ኦፍኮም የተባለው የብሪታንያ ተቆጣጣሪ ከየካቲት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ድርጅቶቹ ቀኑን አስቀድመው ለደንበኛው እንዲያሳውቁ አስገድዷል። እኛ አገር የሚያስታውሰን የለም፤ ቀን መቁጠሪያው ላይ የምናከብበው ራሳችን ነን።

ዋጋው ካልወረደ ምርቃት

ከኢንተርኔቱ ቢሮ ቀጥዬ ወደ ቲቪው ወኪል ሄድኩ። የክፍያ ቲቪ በአብዛኛው በየወሩ ቀድሞ የሚከፈል ነው፤ ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ወደ ትንሹ ጥቅል መውረድ ወይም ጨርሶ ማቋረጥ ይቻላል። ወኪሉ ግን ጥቅሉን ለማውረድ «የማስተካከያ» የሚል ክፍያ ጠየቀኝ። «እሺ፣ ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አልኩት። «ለሲስተርማ ይቅር» አለ። ክፍያው ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ወደመጣበት ተመለሰ።

ወጣ ብዬ ሳስበው፣ ገበያ ላይ ሻጩ ዋጋ አልቀንስም ካለ የምናደርገው አለ፤ ምርቃት እንጠይቃለን። አንድ እፍኝ ቡና፣ አንድ ጭልፋ ማር። ተመልሼ «ዋጋው አይወርድም ካልክ ምርቃቱ የት አለ?» አልኩት። ሳቀና በማግሥቱ ሠራተኛ ላከ። ልጁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹ መዛነፉን፣ የኬብሉ ጫፍም ውኃ ገብቶት መዛጉን አየ። አስተካከለው፣ ጫፉን ቀየረው።

ይህ ለኢሉባቦር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከባድ ዝናብ የሳተላይት ሞገድ ያዳክማል፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። ጎሬም በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች አንዷ ናት፤ እኛም ጎረቤቷ ነን። ዲሹ ትንሽ ከተዛነፈ ግን ካፊያውም ያጠፋዋል። የዝናቡን ድርሻ ከዲሹ ድርሻ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አሁንም ዶፍ ሲወርድ ይጠፋል፤ ሲያባራ ግን ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ከአሁን በኋላ ጨርሶ አልከፍልም።

ከሁሉ የከበደው ድርድር

መስኮቱም ወኪሉም ቀላል ነበሩ። የከበደኝ ለልጄ መንገር ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። በመጨረሻ አንድ እሁድ «ያን ትልቁን ጥቅል አቋርጬዋለሁ፤ ልጄ፣ አቅሜ አይደለም» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ፣ «እማዬ፣ ስደውል ከኋላሽ የቲቪ ድምፅ ስሰማ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል። ደስ ብሎሽ የምታዪ መስሎኝ ነው እንጂ…» አለ። እሱም ለካ ክፍያውን ካቆመ ጀምሮ «ትችለው ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ፣ መጠየቁን ግን አፍሮ ቆይቷል። እኔ ላላስከፋው፣ እሱ ላያሳፍረኝ፣ ሁለታችንም ማንም የማያየውን ኳስ ሁለት ዓመት ስንከፍል ኖርን።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ለገና ሲመጣ የዚያን ወር የኳስ ጥቅል እሱ ይከፍላል። የልጅቷን ኢንተርኔት እኔ እችላለሁ። የቤቱን ድምፅ መስማት ሲፈልግ ደግሞ ከእሁድ ሌላ ረቡዕም ይደውላል። ይህኛው ምርቃት ነው።

እናንተም ሞክሩት

• ለአንድ ወር ማን ምን እንደሚያይ ጻፉ። በግምት አትሂዱ፤ እኔ ከመጻፌ በፊት ብትጠይቁኝ «ሁልጊዜ እናያለን» እል ነበር።

• የምትጠይቁት «ቀንሱልኝ» ሳይሆን «ከእኔ ዝቅ ያለው የትኛው ነው? ቫትን ጨምሮ ስንት ነው? ከመቼ ይጀምራል?» ይሁን። ቫት 15 በመቶ ስለሆነ ካልተካተተ ሂሳባችሁን ያዛባዋል።

• ሌላ አቅራቢ በሠፈራችሁ በደንብ ይሠራ እንደሆነ ከማስታወቂያው ሳይሆን ከጎረቤት ጠይቁ። ተማሪ ብቻዋን የምትጠቀም ከሆነ የሞባይል ጥቅል፣ የሌሊቱንም ጨምሮ፣ ይረክስ እንደሆነ አስሉ።

• ለማንኛውም ክፍያ ደረሰኝ ጠይቁ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትከፍሉ የመጣውን መልእክት አታጥፉ።

• «ቅናሽ ደርሶዎታል» ብሎ የሚደውል ሰው የሚስጥር ቁጥር ከጠየቃችሁ ስልኩን ዝጉት።

• አትፈሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይናገራል። አማርጦ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻም ግዛ ተብሎ አይገደድም። በቴሌኮም አገልግሎት ቅሬታ ኖሯችሁ አቅራቢው ካልፈታላችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ።

• ዕቃውን የሰጧችሁን ልጆቻችሁን አናግሩ። ልጆችም ብትሆኑ፣ ለወላጆቻችሁ ዲሽ ስታስተክሉ «ከሦስት ወር በኋላ ማን ይከፍላል?» የሚለውን እዚያው ተነጋግራችሁ ውጡ።

የእኛ ቤት የቲቪና የኢንተርኔት ሂሳብ ዛሬ ከሲሶ ወደ ሰባተኛ ወርዷል። በተረፈው ለልጅቷ የሒሳብና የፊዚክስ አጋዥ መጻሕፍት፣ ለእኔም አዲስ መነፅር ገዝተናል። ያልተደሰቱት ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆመው «ሲስተር፣ ኳሱ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ለገና ይምጡ» አልኳቸው። ቀኑን እየቆጠሩ ነው።