የሽንት ባክቴሪያና የፊኛ ካንሰር በሴቶችና በወንዶች

በጤነኛ ሰው ፊኛ ውስጥ ያለው ሽንት ከባክቴሪያ ፍጹም የጸዳ ነው የሚለው ትምህርት ለብዙ ዘመናት ጸንቶ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በረቀቁ ዘዴዎች የተካሄዱ ምርመራዎች በጤነኛ ፊኛም ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ አሳይተዋል። ስብጥራቸው በጾታ ይለያያል። በብዙ ሴቶች ላክቶባሲለስ የተባለው ወገን ሲያመዝን፣ በወንዶች እንደ ኮሪኒባክቴሪየምና ስትሬፕቶኮከስ ያሉት በብዛት ይገኛሉ። ለልዩነቱ ሆርሞኖችና የሽንት መውጫ ቧንቧ ርዝመት (በሴት 4፣ በወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ) በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

የፊኛ ካንሰር በዓለም ደረጃ ወንዶችን ከሴቶች ከ3 እስከ 4 እጥፍ ያጠቃል። ዋነኛው መንስኤ ትምባሆ ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደው ጥናት ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶው ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር። በሕሙማንና በጤነኞች ሽንት መካከል የባክቴሪያ ልዩነት ቢታይም፣ ካንሰሩ ራሱ ስብጥሩን ሊለውጥ ስለሚችል ልዩነቱ ብቻውን የመንስኤነት ማስረጃ አይሆንም።

በአንጻሩ የሽንት ቢልሃርዚያ ካንሰር አምጪነት ተረጋግጦ በ1994 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ተመዝግቧል። የትሉ እንቁላሎች በፊኛ ግድግዳ ተቀብረው ለዓመታት ያቆስሉታል፤ ተደርበው የሚገቡ ባክቴሪያዎችም በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ካንሰር አምጪ ወደሆኑ ውህዶች ይለውጣሉ። ብርዳማው የደብረ ብርሃን ደጋ ትሉን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አይመችም። ሆኖም ከአንኮበር ተረተር ማዶ ባለው የአዋሽ ሸለቆ በሽታው ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ፣ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ደም ሲሸና የት እንደነበረ መጠየቅ ይገባል።

የካንሰሩ ቀዳሚ ምልክት ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው ደም መሽናት ነው። በሴቶች ግን ደሙ ከወር አበባ ጋር ይምታታል፤ «ብርድ ነው» ተብሎም ይታለፋል፤ ወይም እንደ ተራ ኢንፌክሽን ተቆጥሮ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተደጋጋሚ ይታዘዛል። በዚህ ምክንያት ካንሰሩ ቁጥሩ በሴቶች ቢያንስም፣ ብዙዎቹ ዘግይተው ይደርሱበታል።

ስለሆነም በአንኮበር ጤና ጣቢያ ለኢንፌክሽን የታከመች ሴት ሕክምናውን ስትጨርስ ሽንቷ እንደገና ሊመረመር ይገባል። ደሙ ካልጠፋ ሌላ ኪኒን ከመጨመር ይልቅ ለአልትራሳውንድና በመሣሪያ የፊኛን ውስጥ ለማየት ወደ ሆስፒታል መላክ ተገቢ ነው። በጊዜ የተደረሰበት የፊኛ ካንሰር ሊታከም ይችላልና።