መቶ ቮልት ለግማሽ ሴኮንድ

ሞተሩ እየሠራ የባትሪን ተርሚናል መንቀል በድሮ ጋራዦች የታወቀ ዘዴ ነበር። መኪናው ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ከጠፋ ይወርዳል። የሚያስፈልገው አንድ የ10 ቁልፍ ብቻ ነው። በቮልስና በሰይቼንቶ ዘመን ዘዴው ያን ያህል አያስጠይቅም ነበር። ቢበዛ አምፖል ይቃጠላል፣ አምፖል ደግሞ ከሱቅ ይገዛል። ዛሬ በቪትዝ ወይም በሃይሉክስ ላይ ያንኑ የሚሞክር ሰው ግን የሞተሩን ኮምፒውተር፣ የኤርባጉን፣ የኤቢኤሱንና የክሩስኮቶውን ቦርድ አስይዞ ይቆምራል። ብዙውን ጊዜ ሳይከስር ቢወጣ የብልሃቱ ውጤት አይደለም። ያተረፈችው ከእነዚህ ቦርዶች መግቢያ ላይ የተበየደች አንዲት ትንሽ ጥቁር ዕቃ ናት፤ ቲቪኤስ ዳዮድ ትባላለች። ሥራዋ በድንገት መጥቶ የሚያልፍን የቮልቴጅ ጭማሪ ማፈን ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ጋራዡ ዛሬም ዲናሞ ከሚለው አልተርኔተር ነው። አልተርኔተር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሐሉ ላይ የሚሽከረከረው ጥቅል ሽቦ ማግኔት ሲሆን ነው። ሬጉሌተሩ የዚያን ማግኔት ጉልበት እየጨመረና እየቀነሰ የመኪናውን መስመር 14 ቮልት አካባቢ ይይዘዋል። ባትሪው ደክሞ አልተርኔተሩ በሙሉ አቅሙ በሚሞላበት ሰዓት ተርሚናሉ ቢነቀል፣ ወይም ዝጎ በራሱ ቢላቀቅ፣ ያ ሁሉ አምፔር መሄጃ ያጣል። ሬጉሌተሩ ነገሩን ወዲያው አውቆ የማግኔቱን መጋቢ ይዘጋል። ማግኔቱ ግን ወዲያው አይሞትም፤ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ያለ ጅረት ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። እስኪያልቅ ድረስ አልተርኔተሩ ማመንጨቱን ይቀጥላል፣ መስመሩ ላይ የቀሩት ዕቃዎችም አይጨርሱትም፣ ስለዚህ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል። መሐንዲሶች ይህን ሎድ ደምፕ ይሉታል።

እስከ የት ይወጣል? የመኪና ኤሌክትሮኒክስ የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ አይሶ 16750-2 ለባለ 12 ቮልት መኪና ከ79 እስከ 101 ቮልት ይላል፤ ቆይታው ከ40 እስከ 400 ሚሊሴኮንድ። በባለ 24 ቮልት የጭነት መኪናና አውቶቡስ ላይ ከ151 እስከ 202 ቮልት ይደርሳል። ፈተናው ደግሞ በአንድ ጊዜ አያበቃም፤ ያው ምት በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት አሥር ጊዜ ይደጋገማል። በዘመናዊ አልተርኔተሮች ላይ የሚገጠሙ ልዩ ዳዮዶች ጫናውን ከምንጩ ይቀንሱታል፤ እንዲህ ባለው መኪና ላይ መመዘኛው 35 ቮልት ብቻ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ቦርዱን የሚነድፈው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በመኪናው ላይ የሚገጠመው አልተርኔተር ከየት ተገዝቶ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ ብዙዎች ለክፉው ቀን ይዘጋጃሉ።

ሎድ ደምፕ ብቸኛው ጠላት አይደለም። ሪሌና ሞተር ሲጠፉ በተቃራኒው አቅጣጫ ይራገጣሉ፤ አይሶ 7637-2 ለባለ 12 ቮልት መኪና እስከ 150 ቮልት ኔጋቲቭ የሚደርስ ምት ያዛል። በደረቅ አየር ከመቀመጫ የሚነሳ ተሳፋሪ በጣቱ ጫፍ ብዙ ሺህ ቮልት ስታቲክ ይዞ አንዱን ማብሪያ ይነካል። የሻማ ገመድና ክላክስ የየራሳቸውን ጫጫታ ይጨምራሉ። መኪና ለኤሌክትሮኒክስ ክፉ ሰፈር ነው።

ሰፈሩ እንዲህ መሆኑ ያስጨነቀው የነዳጅ መርጨቱ ሥራ ለኤሌክትሮኒክስ ከተሰጠ ወዲህ ነው። ቦሽ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው በቮልስዋገን 1600 ላይ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ አምፖልና ጥሩምባ ብቻ ነበር ከሚባልለት ቮልስ ቤት መሆኑ ያስገርማል። ዛሬ በአንዳንድ ውድ መኪና ውስጥ መቶ ገደማ ኮምፒውተሮች አሉ።

ወደ ዳዮዷ እንመለስ። ውስጧ አንድ የሲሊከን ቅጠል አለ፤ ሁለት ዓይነት ሲሊከን የተገናኙበት ድንበር ጅረትን በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይከለክላል። ቲቪኤስ የምትቆመው በሚከለክለው በኩል ነው፤ አንድ እግሯ በፖዘቲቭ መስመር ላይ፣ ሌላው በቦዲ ላይ። በደህናው ቀን የለችም ማለት ይቻላል። ቮልቴጁ ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ ግን በድንበሩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት ኤሌክትሮኖችን ያስፈተልካል። አንዱ ኤሌክትሮን አቶም ገጭቶ ሌላ ኤሌክትሮን ነፃ ያወጣል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት፤ ከናኖሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መንገዱ ወለል ብሎ ይከፈትና ትርፉ ጅረት ወደ ቦዲ ይፈስሳል። ማዕበሉ ሲያልፍ ድንበሩ ይዘጋል፤ ዳዮዷም ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ዝምታዋ ትመለሳለች።

የምትከፈትበት ገደብ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። መስመሩ 14 ቮልት ከሆነ 16 ላይ ማገድ ለምን አይቻልም? ምክንያቱ የደከመ ባትሪ ነው። ትንሽ መኪና አልነሳ ሲል ከአጠገቡ ከቆመ የጭነት መኪና ገመድ ተስቦ የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ የጭነት መኪናው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለ 24 ቮልት ነው። መመዘኛው ይህን የመንገድ ዳር ችሮታ ያውቀዋል፤ ዕቃው 24 ቮልትን ለ60 ሴኮንድ እንዲችል ይጠይቃል። ዳዮዷ በ16 ቮልት ብትከፈት ኖሮ በዚያች አንድ ደቂቃ ተቃጥላ ታልቅ ነበር። ስለዚህ በባለ 12 ቮልት መኪና የምትመረጠው እስከ 24 ቮልት ዝም የምትል ናት፤ የፋብሪካ ስሟም ይህንኑ ይናገራል፣ ለምሳሌ ኤስኤምቢጄ24ኤ። እርሷ ከ26.7 ቮልት ጀምሮ ትከፈታለች፣ በመጨረሻ አቅሟ ስትሠራ ደግሞ መስመሩን 38.9 ቮልት ላይ ትይዘዋለች። ከበስተኋላዋ ያሉት የብዙ የመኪና ቺፖች ጣሪያ 40 ቮልት ነው። መተንፈሻው አንድ ቮልት ብቻ መሆኑ ነው፤ ነዳፊው እንቅልፍ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቮልቴጅ ጭማሪ ሲወራ ሰው የሚፈራው ቁጥሩን ነው። ሲሊከን የሚፈራው ግን ቆይታውን ነው። ጣትን በሻማ ነበልባል ውስጥ ፈጥኖ ማሳለፍ አያቃጥልም፤ እዚያው ላይ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። የተሳፋሪው ጣት የያዘው 15,000 ቮልት ስታቲክ በፈተናው ሒሳብ 0.017 ጁል ገደማ ጉልበት ብቻ አለው። ከአልተርኔተሩ የሚመጣው ግን 100 ቮልት ብቻ ሆኖ ወደ ግማሽ ሴኮንድ የሚጠጋ ጊዜ ይቆያል።

በምሳሌ ሲሰላ ልዩነቱ ይታያል። ቮልቴጁ 100 ደረሰ፣ የአልተርኔተሩ የውስጥ ሬዚስታንስ 2 ኦም ነው፣ ዳዮዷም መስመሩን 35 ቮልት ላይ ያዘችው እንበል። የተረፈው 65 ቮልት ለ2 ኦም ሲካፈል 32.5 አምፔር ይሆናል፤ ይህ ሁሉ በዳዮዷ ውስጥ ያልፋል። በ35 ቮልት ሲባዛ ከ1,100 ዋት በላይ ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል ጥፍር በምታክል ዕቃ ላይ! ምቱ 400 ሚሊሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ እየወረደ እስኪያልቅ ድረስ ዳዮዷ ላይ የሚጠራቀመው ሙቀት 100 ጁል ገደማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ነዳፊ ይሳሳታል። ኤስኤምሲ በሚባለው መጠን የሚሸጡት ዳዮዶች 1,500 ዋት ተብለው ይጻፋሉ፤ 1,500 ከ1,100 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይበቃል ብሎ ያዛል። ያ 1,500 ዋት ግን የተለካው በአንድ ሚሊሴኮንድ ውስጥ በግማሽ በሚቀንስ አጭር ምት ነው፤ ወደ ጉልበት ሲመነዘር ከሁለት ጁል ብዙም አይዘልም። በ100 ጁል ፊት ምንም ነው። አነስ ያሉት፣ 400 ዋቷ ኤስኤምኤና 600 ዋቷ ኤስኤምቢ፣ ለስታቲክ፣ ለሪሌ ርግጫ፣ ከፊታቸው ሌላ መከታ ላለባቸው መስመሮች ጥሩ ናቸው። ሎድ ደምፕን ፊት ለፊት የምትገጥመው ሌላ ናት፤ ዲኦ-218 በሚባል ሰፊ ቤት ውስጥ የምትቀመጠው። ቪሼይ የተባለው ኩባንያ ኤስኤም8ኤስ ብሎ የሚሠራት ዓይነት በአጭሩ ምት 6,600 ዋት፣ አሥር እጥፍ በሚረዝመው ምት ደግሞ 5,200 ዋት ትችላለች። የምት ርዝመት በአሥር እጥፍ ሲያድግ አቅሟ እምብዛም አለመውደቁ ነው ዋናው ነገር። ሲሊከኗ ሰፊ ነው፤ ከሥሯ ያለው ብረት ሙቀቱን ወዲያው ወደ ቦርዱ መዳብ ያወርደዋል፤ የውስጥ ሙቀቷም እስከ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ ትታገሣለች።

ብረቱ ቦርዱ ላይ ልጥፍ ብሎ መበየዱ በራሱ ጥቅም አለው። የቀድሞዎቹ ዳዮዶች ሁለት ረጃጅም የሽቦ እግር ነበራቸው፤ እግሩ በቀዳዳ ገብቶ በጀርባ ይበየዳል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ቀን ከሌሊት ሲንቀጠቀጥ የሚውል መኪና ከባድ ዕቃ በቀጭን እግር ሲሸከም ውሎ አድሮ እግሩ ይደክማል፣ ይሰበራል። ሌላው ምክንያት ለዓይን አይታይም። አንድ ሳንቲሜትር ሽቦ 10 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አለው። የስታቲክ ምት በአንድ ናኖሴኮንድ 30 አምፔር ሲደርስ ያቺ አንድ ሳንቲሜትር ብቻዋን 300 ቮልት ትፈጥራለች። ዳዮዷ የቱንም ያህል ፈጣን ብትሆን 300ውን ቮልት አታየውም፤ ቺፑ ግን ያየዋል። በቦርዱ ላይ የምትለጠፈዋ እግር የላትም ለማለት ይቻላል። ጥሩ ነዳፊም ከሶኬቱ አጠገብ፣ ጅረቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ የሚያገኛት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። የተከፈተ የመኪና ኮምፒውተር ላይ ሲፈለግ ሶኬቱ ተይዞ መስመሩን ቢከተሉት መጀመሪያ ከሚያጋጥሙት ዕቃዎች አንዷ እርሷ ናት፤ ባንድ ጫፏ ላይ ያለችው ነጭ መስመር የፖዘቲቭ ወገኗን ታሳያለች።

ይህ መስመር የሌላቸው አሉ፤ እነርሱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራሉ። ባለ መስመሯ ግን ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር እንደ ተራ ዳዮድ ሙሉ በሙሉ ትከፈታለች፣ የባትሪውም ጅረት ሁሉ በእርሷ ይወርዳል። ፊውዙ ቀድሞ ካልተበጠሰ እርሷ ትቃጠላለች። የተገለበጠ ባትሪ ሲገጥም መስመሩን የሚዘጋ ዕቃ የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ስትሞት እንዴት እንደምትሞት ማወቅ ለጋራዥ ሰው ከሁሉ ይጠቅማል። ከአቅሟ በላይ የተጫነባት ዳዮድ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሆና ነው የምትቀረው። ፊውዝ ሲቀየር ይበጠሳል፣ ደግሞ ሲቀየር ይበጠሳል። አንዳንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥምበታል፤ ያኔ የቦርዱ መዳብ ራሱ ፊውዝ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም ከነሽታው ይሰናበታል። ሌላው ነገሩ የገባው ጥገና ባለሙያ ቦርዱን ይከፍታል፣ በመልቲሜትር ዳዮዷን ይለካል፣ ሾርት ሆና ሲያገኛት ይነቅላታል። መኪናው ይነሳል፣ ደንበኛው ያመሰግናል። ችግሩ በምትኳ ሌላ ሳይበየድ ሲቀር ነው፤ ቦርዱ ከዚያ በኋላ ያለ መከታ ይሄዳል፣ ቀጣዩ የላላ ተርሚናልም በቀጥታ ቺፑን ያገኘዋል። ዳዮዷ ከኮምፒውተሩ ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ ኢምንት ነው። በመኪና ደረጃ የተፈተነች መሆኗ ግን መታየት አለበት፤ መመዘኛው ኤኢሲ-ኪው101 ይባላል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገዶች በኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞሉ ነው። እነዚህ መኪኖች አልተርኔተር የላቸውም፤ 12 ቮልቱን ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ የሚሰጣቸው የኤሌክትሮኒክስ መቀየሪያ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው ማግኔቱ አልሞት ብሎ መቶ ቮልት የሚወጣበት አጋጣሚ አይኖርም። መብራቱ፣ መስኮቱ፣ ኤርባጉና የበር ቁልፉ ግን አሁንም በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት። ሪሌውና ሞተሩ እንደ ወትሮው ይራገጣሉ፣ ስታቲኩም አለ። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ስትደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም፤ ከአጠገብ ካለ መኪና ገመድ መሳብ ይመጣል። በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ብቻ የሚገባ ቦርድ በትንሿ ኤስኤምቢ ሊያልፍ ይችላል፤ እስከ 24 ቮልት ዝም የምትለዋ መሆኗ ግን አይቀርም። ለነዳጁም ለኤሌክትሪኩም የሚሸጥ ቦርድ ሲሆን ከሶኬቱ አጠገብ ለባለ ሰፊ ብረቷ የሚሆን ቦታ ይተውለታል።