መድኃኒት ደራርቦ መስጠት በከብት ኩላሊት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

በየወረዳው የእርሻንና የከብትን ሥራ የምትመሩ ሹማምንት ሁሉ እንደምታውቁት፥ ገበሬ በሬው ታሞ በተኛበት ጊዜ ሀብቱ ሁሉ አብሮ የተኛ ይመስለዋል። ስለዚህ ዛሬ የተወጋው መድኃኒት ቶሎ ካላዳነለት ነገ ሌላ ያስጨምራል፤ ያም ካልረዳው ሦስተኛውን ከገበያ ገዝቶ ያመጣል። ይህን የሚያደርገው በጭንቀት እንጂ በክፋት አይደለም። ነገር ግን በሽታው ያልገደለውን በሬ የመድኃኒት መደራረብ ሊገድለው እንደሚችል ተገልጦ ሊነገረው ይገባል።

ኩላሊት ደምን እያጣራ እድፉን በሽንት የሚያስወጣ የሰውነት ክፍል ነው፤ ከአንቲባዮቲክ መድኃኒቶችም ብዙዎቹ የሚወጡት በእርሱ በኩል ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን፥ ከእርሱ በኋላ የተገኙት ኒዮማይሲንና ጄንታማይሲንም የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ በሚጣሩበት ጊዜ ከፊላቸው ከሽንት ጋራ ሳይወጣ ይቀርና በኩላሊት ጥቃቅን ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛም ግድግዳውን ያጠፋዋል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከጥቂት ቀኖች በኋላ ነው። በመጀመሪያ ሽንቱ ላይቋረጥ ስለሚችል፥ ባለ ከብቱ ከብቱ ደኅና የሆነ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ከላይ ከተጠቀሱት ሁለቱን በአንድነት መስጠት፥ ወይም ከእነርሱ አንዱን ከኮሊስቲን ጋራ ማጣመር። ሁሉም ኩላሊትን የሚጎዱ ስለ ሆኑ ጉዳቱ ይደራረባል።

2ኛ፤ እንደ ፍሉኒክሲን ያለውን የሕመምና የትኩሳት ማስታገሻ ከእነዚህ ጋራ መስጠት። ማስታገሻው ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ሊቀንስ ይችላል።

3ኛ፤ ተቅማጥ ያደረቀውን ጥጃ ውሃ ሳይጠጣ መውጋት። የሰልፋ መድኃኒትም ውሃ ባነሰው ኩላሊት ውስጥ እንደ ጨው ረግቶ ቧንቧውን ሊዘጋ ይችላል።

4ኛ፤ ጊዜው ያለፈበትን ቴትራሳይክሊን መስጠት። የተበላሸው መድኃኒት ኩላሊትን እንደሚጎዳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በሰዎች ላይ ታይቶ ተጽፏል።

ይህ ማለት ግን መድኃኒት ማጣመር ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን በአንድ ጠርሙስ ተዋሕደው የሚሸጡበት ጊዜ አለ፤ በልክ ሲሰጡም ይጠቅማሉ። አደጋው የሚመጣው ባለ ከብቱ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን መኖሩን ሳያውቅ በማግሥቱ ጄንታማይሲን ሲያስጨምርበት ነው። ስለዚህ የሚነበበው በጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን፥ በውስጡ ያለው የመድኃኒቱ ስም ነው።

ነገሩ በከብቱ ብቻ አያበቃም። ጄንታማይሲን በታረደ ከብት ኩላሊት ውስጥ ከብዙ ወራት በኋላ እንኳ ይገኛል። በአሜሪካ ያሉ የከብት ሐኪሞች ማኅበሮች ይህን ወገን መድኃኒት ከተፈቀደበት ሥራ ውጭ ለከብት እንዳይሰጡ አባሎቻቸውን የመከሩት ስለዚሁ ነው። ስለዚህ የተወጋው በሬ አልድን ቢል ሥጋው እንዳይከስር ተብሎ በችኰላ አይታረድ።

እንግዲህ በየወረዳው የሚሠሩ ሠራተኞች መርፌ ከመያዛቸው አስቀድሞ ከብቱ ቀድሞ ምን እንደ ተወጋ፥ በስንት ልክና በየትኛው ቀን እንደ ሆነ ጠይቀው ይጻፉ። የደረቀውን ከብት አስቀድመው ውሃ ያጠጡ፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ካልሠራም ሌላ ከመጨመር ይልቅ የበሽታውን ዓይነት ለመለየት የከብት ሐኪም ይጥሩ። ሹማምንትም ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በየገበያው እንዳይሸጥ ይቈጣጠሩ። የአንድ በሬ መዳን የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት እህል መሆኑ አይዘነጋ።