አሮጌ የመጋዝ መኪና ሲገዛ

በአሜሪካ አገር በትርፍ ጊዜያቸው በቤታቸው እንጨት የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ ይልቅ አሮጌ የመጋዝ መኪና ፈልገው ሲገዙ ይታያሉ። ከሚፈለጉትም አንዱ የሚልዋኪው ዴልታ ኩባንያ በ1939 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያወጣው «ዩኒሶ» ነው። ክብ መጋዙ ከብረት ገበታው ሥር ብቅ ብሎ ይሰነጥቃል፤ በሰያፍ መቁረጥ ሲያስፈልግም ገበታው ቀጥ እንዳለ መጋዙ ብቻ ያዘነብላል።

«ይህን ያህል ዘመን የሠራ መኪና ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ብረቱ ካልተሰነጠቀ ይጠቅማል። ዝገቱ በዘይትና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ያለቀ ኩሽኔታም በአዲስ ይለወጣል። መጋዙን የተሸከመው ብረት ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ገዢው በቀለሙ ሳይታለል፣ መኪናው ከኤሌክትሪክ መነቀሉን አይቶ፣ መጋዙን በጥንቃቄ በእጁ ያዙረው፤ ቢያንገራግር ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ሞተሩንም ይጠይቅ። ከፋብሪካ ወይም ከትምህርት ቤት የወጣው ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ስለሆነ፣ በተራ የመኖሪያ ቤት መስመር እንዲሁ አይነሣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጣት ነገር ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ ከመጋዙ ኋላ አብራው ከፍና ዝቅ የምትል ስስ ብረት አለች። እርስዋ ከሌለች የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ሲገጥም መጋዙን ያንቀዋል፤ መጋዙም እንጨቱን በሠራተኛው ላይ ይወረውረዋል፤ እጅንም ሊስብ ይችላል። በአሮጌዎቹ ላይ ይህች ብረት የለችም፤ መከለያውም ብዙ ጊዜ ወልቆ ጠፍቷል። እንግዲህ የመከላከያውን ዋጋ በመኪናው ዋጋ ላይ ያልደመረ ሰው «በርካሽ ገዛሁ» አይበል።